በለቅሶ ላይ የተቀረጸ ሠርግ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ባሌ ሰይድ ሳያውቀው ሞተ። ልጆቼ ዛሬም አያውቁትም። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ነገር ሲከብዳቸው የንስሐ አባታቸው ዘንድ ይሄዳሉ፤ እኛ እስላሞቹ ግን ኃጢአታችንን ለአላህ እንጂ ለሰው አንናዘዝም። ለአላህማ ነግሬዋለሁ፤ እሱ ከኔ ቀድሞ ያውቀው ነበር። የከበደኝ የሰው ሐቅ ነው። የሰው ሐቅ ባለቤቱ አፉ ብሎ ይቅር ካላለ አላህም አይምረውም ይሉናል ሼኮቻችን። እናም አንተ ይህን የምታነበው፣ ለጥቂት ጊዜ የንስሐ አባቴ ሁን። ቄስነትም ሼክነትም አያስፈልግህም፤ እስከ መጨረሻው ስማኝ ብቻ።

ያጠፋሁት አንድ የቴሌቪዥን ቴፕ ነው። ብትስቅ አልፈርድብህም። ነፍስ እንደ ዋዛ በሚጠፋበት አገር የምን ቴፕ ነው ትል ይሆናል። እኔም ለራሴ እንዲሁ እል ነበር። ስንት ዓመት እንቅልፍ የወሰደኝ በዚህ ሰበብ ነው።

ሐይቅ ከተማ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ሄጄ፣ በደርግ ጊዜ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የቅንብር ክፍል ተቀጠርሁ። ካሜራው ያመጣውን እየቆረጥን እየቀጠልን ፕሮግራም የምናደርገው እኛ ነበርን። ቴፕ ያን ጊዜ እንደ ወርቅ ነው። ከውጭ በዶላር ይመጣል፤ ዶላሩ ደግሞ ለጦር መሣሪያ ይፈለጋል። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ከተላለፈ በኋላ ቴፑ ወደኛ ይመለስና በላዩ ሌላ ይቀረጽበታል። አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይደመሰሳል። የስንቱን ዘፈን፣ የስንቱን ቲያትር፣ የስንቱን ሽማግሌ ጨዋታ በነዚህ እጆቼ ደምስሻለሁ። እሱን አልናዘዝም፤ ሥራዬ ነበር፤ ደሞዝ ተከፍሎኝበታል። አንዳንዱ ቴፕ ግን በሳጥኑ ጀርባ ላይ በቀይ «ይቀመጥ» ተብሎ ይጻፍበታል። እሱ አይነካም። የኔ ኃጢአት እዚያ ላይ ነው።

አንድ ክረምት እንደወጣ የባህል ፕሮግራም እንድንሠራ ወደ አገሬ ተላክን። ካሜራውን የያዘው ሰይድ ነው፤ ያን ጊዜ ገና እጮኛዬ ነበር። አምባሰል ከተራራው ሥር አንዲት መንደር ደርሰን ድምፅ ያለው ሰው ብንጠይቅ ሁሉም አንድ ስም ጠሩልን፣ እቴ አልጋነሽ። አስለቃሽ ናት። እሷ ሙሾ ካወረደች ሬሳው ራሱ ቀና ይላል እያሉ ይቀልዱ ነበር የመንደሩ ሰዎች።

እቴ አልጋነሽ ግን ሙሾ ቅረጹኝ የሚባል ነገር ስትሰማ ክው አለች። «ምነው ልጆቼ፣ ሟርት ልታመጡብኝ ነው? ያለ ሬሳ ሙሾ ይወረዳል? ማንን ልታስቀብሩኝ ነው?» አለችን። እውነቷን ነው፤ ባገራችን ሰው ሳይሞት ሙሾ መደርደር ሞትን ስም ጠርቶ መጥራት ነው። ሰይድ እንሂድ አለ። እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ። የአገር ልጅ ነኝ፣ የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ ባዶ እጄን ብመለስ አለቃዬ ይስቅብኛል እያልሁ ተለማመጥኋት። ማን አስገደደኝ? ማንም።

ወደ ቤት ገባችና ቆይታ አንድ ጋቢ ይዛ ወጣች። ልጇ ተዋበች፣ የኔ እኩያ ኮረዳ፣ ጋቢውን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እቴ አልጋነሽ ጋቢውን በግቢው መሐል ሰው የተኛበት አስመስላ ዘረጋችው።

«ይኼ የይመር ነው፣ የልጄ» አለችኝ። «ዘመቻ ሄዶ ደብዳቤው ኸተቋረጠ ቆየ። መርዶ አላመጡልኝም። መርዶ ካልመጣ ደግሞ ለቅሶ አልቀመጥ፣ ጎረቤት አይደርሰኝ። ሆዴ ግን ነግሮኛል እታለሜ። እናንተ ኸመጣችሁማ እሱን አለቅሰዋለሁ። ግን ማይልኝ። ይኼ የምታነሡት አይጥፋ። ሰው ይየው። ልጄ ሳይለቀስለት እንዳይቀር።»

«ወላሂ አይጠፋም» አልኋት።

አየህ፣ በአላህ ስም ነው የማልሁት። ማንም ሳይጠይቀኝ «ወላሂ» አልሁ። አለቀሰችውም። እኔ ሙሾ ሰምቼ ያደግሁ ነኝ፤ እንዲያ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። በአምባሰል ዜማ ነበር፤ ከታች ተነሥታ ከላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይሰነጠቅና እዚያው ላይ ይቆያል።

«መርዶ ነጋሪው ሰው ባይመጣ ከደጄ፣
ሆዴ ነግሮኛል ግን መቅረትህን ልጄ።
አምባሰል ላይ ሆኜ ብጣራ ብጣራ፣
ልጄ አልሰማም አለኝ ከጓደኛ ጋራ።»

ሰይድ ካሜራው ውስጥ ዓይኑን ደብቆ አለቀሰ። ጎረቤት ከአጥር ወዲያ ቆሞ ሰማ እንጂ አልገባም፤ መርዶ ባልተነገረበት ለቅሶ መቀመጥ ወግ አይደለምና። ስትጨርስ ጋቢውን አጥፋ ይዛ ገባች። የይመር ለቅሶ በቃ ያ ነበር። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ስንት ዘመን፣ አልተለቀሰለትም።

አዲስ አበባ ተመልሰን ለአለቃችን አሳየነው። ራሱን ነቀነቀ። ጦርነቱ በተፋፋመበት ሰዓት፣ መርዶው ላልተነገረ ወታደር እናት ስታለቅስ ማሳየት የማይታሰብ ነው አለን። «ግን ጥሩ ሥራ ነው፤ ደግ ቀን ሲመጣ ይታያል፤ ይቀመጥ» አለ። «ይቀመጥ» የሚለውን በቀይ የጻፍሁት እኔው ነኝ። በዚች እጄ።

ኋላ እንደሰማሁት እቴ አልጋነሽ ሐይቅ ገበያ በወጣች ቁጥር ሰው ተሰብስቦ ቴሌቪዥን ወደሚያይበት አዳራሽ ጎራ እያለች «የልጄ ለቅሶ አልታየም?» ብላ ትጠይቅ ነበር። ሰዎቹም ያሾፉባት ነበር አሉ።

ከዚያ ሠርጌ ደረሰ። ሐይቅ ላይ ድንኳን ተጥሎ፣ እኔ ቬሎ ለብሼ፣ ሰይድ ከረባት አስሮ። አንድ የሥራ ባልደረባችን ለስጦታ ይሁናችሁ ብሎ በጣቢያው ካሜራ አነሣን። ያን ጊዜ ሠርጉ በቴሌቪዥን ካሜራ የተነሣ ሰው በሐይቅ አልሰማሁም፤ በደስታ፣ አተላ ጠጥታ እንደሰከረች ዶሮ ነበር የምንቀዠቀዠው። ግን ካሜራው የሚይዛቸው ትናንሽ ቴፖች ለዜና ስለሚፈለጉ ቶሎ መመለስ አለባቸው። ሠርጉ ወደ ትልቅ ቴፕ መገልበጥ ነበረበት። ትልቅ ቴፕ ከየት ይምጣ?

እዚህ ላይ ልብ ብለህ ስማኝ። ሊደመሰሱ የተመለሱትን ቴፖች መጋዘን ጠባቂው አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ ለነገ ሥራ ስለሚፈለጉ አንዱ ቢጎድል ቤቱ ይታመሳል። «ይቀመጥ» የተባለውን ግን ማንም አይነካውምና ማንም አይፈልገውም። አንድ ነገር ደህና ተቀምጧል ተብሎ ከታመነ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ይህን የምናውቅ እኛ የቅንብር ክፍል ሰዎች ብቻ ነበርን።

ወደ መደርደሪያው ሄድሁ። «ይቀመጥ» የተባሉ ብዙ ነበሩ። የሊቀመንበሩ ንግግር ነበር፤ እሱን መንካት እስር ቤት ያስገባል። የታዋቂ ዘፋኞች ነበሩ፤ ዘፋኞቹ አንድ ቀን መጥተው ሥራችን የታለ ቢሉስ? እንዲህ እያልሁ አንዱን ሳነሣ አንዱን ስመልስ እጄ አልጋነሽ ላይ አረፈ። በደንብ አስቤ ነው የመረጥኋት። ደሀ ናት፤ ሩቅ ናት፤ ማንበብ አትችልም፤ መጥታ አትጠይቅም። ሌባ እንኳ ያለው ቤት ይገባል። እኔ ምንም የሌላትን መረጥሁ።

ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቶ ነበር። ቴፑን ስከተው ፊቷ መጣ፤ ጋቢውን ስትዘረጋ። አየኋት። ሳላያት አጠፋኋት ብል ውሸት ነው። አየኋትና ቁልፉን ተጫንሁ። ፊቷ ሄደ፤ የኔ ፊት መጣ፤ በቬሎ፣ እየሳቀ። ሰይድ ሲጠይቀኝ ጣቢያው አሮጌ ቴፕ ሰጠኝ አልሁት። እሱም የገዛ ሥራው የተደመሰሰበትን ቴፕ «የኛ ሠርግ» እያለ ሲስመው ኖረ። አንዳንድ ጊዜ «ያቺ የአምባሰል እናት አንድ ቀን መታየት አለባት» ይል ነበር። «ኢንሻአላህ» እለዋለሁ። በአላህ ስም ምዬ አጠፋሁ፣ ደግሞ በአላህ ስም አዘገየሁ።

ደርግ ወደቀ፤ ዘመን ሄደ፤ ሰይድ ሞተ፤ እኔም ጡረታ ወጥቼ ሐይቅ ገባሁ። ከዚያ ለውጥ መጣ ተባለ። ቴሌቪዥኑ ሁሉ የድሮውን ያወጣ ጀመር፤ ተዳፍኖ የነበረ ሁሉ ይታይ የተባለበት ጊዜ ነበር። አንድ የገበያ ቀን በሬን ሰው ሲያንኳኳ ብከፍት ተዋበች ናት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ዓይኗ የእናቷ ነው።

«ሰዓዳ፣ ያገሬ ልጅ፣ እንዴት ነሽሳ? የድሮውን ሁሉ እያሳዩ አይደል? የናቴንስ መቼ ያወጡልናል?» አለችኝ። እቴ አልጋነሽ ሞታ ነበር፤ አንድም ፎቶግራፍ አልነበራትም። በዚህ ዓለም ላይ ፊቷ የተነሣው ያን ዕለት ብቻ ነው።

ያን ዕለት ብነግራት ምን ነበረበት? «አስፈልገዋለሁ» አልኋት። በየገበያው እየመጣች ጎመን ወይ እሸት ታስቀምጥልኛለች። ሲከብደኝ ጊዜ «ተገኝቷል፣ እቤቴ መጥቷል፤ የሚያጫውተው መሣሪያ ነው የጠፋው» አልኋት። እንድትሄድልኝ ብዬ። እሷ ግን ጉልበቴን ሳመችኝ። ጉልበቴን ስትስመኝ ቆሜ አየኋት።

ከዚያ ሌላ ጦርነት ተነሥቶ እኛው ደጅ ደረሰ። ከተማው ሲሸሽ እኔም ሸሸሁ፤ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወዲያ። ሰው ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌ አባቱን ደግፎ ሲሄድ እኔ ከሽርጤ ሥር ያን የሠርግ ቴፕ አሥሬ ነበር። ሰይድ ያለው እሱ ውስጥ ነው፤ አባቴ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ስንመለስ ቤቴ ባዶ ነበር፤ በሩ ሳይቀር ተነቅሏል። ለቤታችን የገለበጥሁት ተራው የቪዲዮ ካሴትም ከዕቃው ጋር ሄዷል።

ተዋበች ልትጠይቀኝ መጣች። የሷ አንድ ልጅ ዘምቶ ነበር፤ ጓደኞቹ ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። እኔ አሮጌ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቴፑ ከፍራሹ ሥር ነው።

«የእናቴ ቴፕስ?» አለች።

«ወሰዱት» አልኋት። «ከቤቱ ዕቃ ጋር ሄደ።»

እንዴት እንደቀለለኝ ልነግርህ አልችልም። ስንት ዓመት የተሸከምሁትን ውሸት ጦርነቱ ላይ አራገፍሁት። ጦርነት ያልወሰደው ምን አለ? አንድ ቴፕ ቢጨመርበት ማን ያጣራል? እሷ ግን ባዶውን ቤቴን ዞር ዞር ብላ አይታ እኔኑ አቅፋ አለቀሰች።

«አንቺ ምን ታደርጊ እታለሜ። እግዜር ይተካልሽ» አለችኝ። ደግሞም፣ «መርዶ ሳይመጣላት እናቴ ለወንድሜ ምን ብላ እንዳለቀሰች መስማት ፈልጌ ነበር። ያን ዕለት ስለ ደነገጥሁ ቃሉ ከጆሮዬ ጠፍቷል። እኔ ፈራሁ ሰዓዳ። ልጄን ላልቅሰው? ወይስ ልጠብቀው? እናቴ አውቃበት ነበር» አለች።

በዚህ ጊዜ ለምን ዝም አልሁ? አላውቅም። አውቃለሁ። እናቷን የሰረቅኋት ልጅ እያጽናናችኝ ነበር፤ መጽናናቱ ጣመኝ።

ቆይቶ ደሴ ውስጥ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ የሠርግ ካሴቶችን ወደ ስልክ እንደሚገለብጥ ሰማሁ። አሮጌውን መሣሪያ ከነነፍሱ አቆይቶታል። የሠርጌን ቴፕ ሳይበላሽ ላስገልብጥ ብዬ ሄድሁ። ሥዕሉ መጣ፤ ሰይድ በከረባት፣ አባቴ ሲመርቅ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ። አለቀስሁ። ከዚያ እጄ፣ ስንት ዓመት የሠራችበትን አልረሳችምና፣ ሳላዛት የድምፁን ማዞሪያ ወደ ሁለተኛው መስመር አዞረችው።

የሴቶቹ እልልታ ጠፋ። «አምባሰል ላይ ሆኜ ብጣራ ብጣራ...»

ቴፕ ሁለት የድምፅ መስመር አለው። ያን ዕለት ሰው ከምሳ ሳይመለስ ብዬ ስጣደፍ ሥዕሉንና አንደኛውን መስመር ብቻ ነው የቀረጽሁት። ሁለተኛው ሳይነካ፣ ለቤት ስገለብጠውም ሳይሰማ ኖሯል። ሠርጌን ባየሁ ቁጥር፣ ሰይድ ቴፑን በሳመ ቁጥር፣ እሷ ከሥር ልጇን ስትጠራ ኖራለች። እኔ ከጦርነት ያሸሸሁት የይመርን ለቅሶ ነበር፣ ሳላውቀው። ይህን ለራሴ በጎ ሥራ አድርጌ እንዳልቆጥረው አላህ ይጠብቀኝ።

የሠርጌ ሥዕልም የሷ ድምፅም በስልኬ ተገለበጠልኝ። ወዲያው ሄድሁ? አልሄድሁም። ይዤው ከረምሁ። ብሰጣት «ሄደ አላልሽኝም?» ትለኛለች። ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ፤ የሷ ዕንባ ሳይሆን የኔ ሐፍረት ነበር የሚያሳስበኝ። የነቃሁት አንዲት ጎረቤቴ ሴት ከማይገባበት ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደጃፍ ስትመለስ ተዋበችን እዚያ እንዳገኘቻት ስትነግረኝ ነው። ሁለት ስለት ተስላለች አለችኝ፤ አንዱ ልጇ እንዲመለስ፣ አንዱ የሰዓዳ ቤት ንብረት እንዲተካ። አንድ ልጅ የጠፋባት ሴት ስለቷን ለሌባዋ አካፍላለች። ከዚህ በኋላ ተቀምጬ ብውል መሬቱ የሚሸከመኝ አልመሰለኝም።

አምባሰል ወጣሁ። ተዋበች ከግቢዋ ባቄላ ትፈለፍላለች። ሰላም እንኳ ሳልላት ስልኩን ከፈትሁት። የእናቷ ድምፅ ሲነሣ ባቄላው ከእጇ ፈሰሰ። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችና፣

«ተገኘ?» አለች። «ፊቷስ ሰዓዳ? ፊቷን አሳዪኛ።»

«ፊቷ የለም» አልኋት። «እሷ የነበረችበት ላይ እኔ ነኝ ያለሁት። ሙሽራ ሆኜ። ጦርነቱ አይደለም የወሰዳት። እኔ ነኝ። ለሠርጌ ብዬ እኔ ነኝ ያጠፋኋት። እቤቴ መጥቷል ያልሁሽም ውሸት ነው፤ ሄደ ያልሁሽም ውሸት ነው።»

ትጮሃለች ብዬ ነበር። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሥዕሉን አሳዪኝ አለች። ሰጠኋት። ወጣት ሆኜ፣ ጥርሴን ከፍቼ፣ ያን ሁሉ ሰው ይዤ። እናቷ እዚያ ውስጥ ያለች ይመስል ፊቴ ውስጥ ስትፈልጋት ቆየች።

ከዚያ ተነሥታ ገባችና ጋቢ ይዛ ወጣች። አርጅቷል፤ ዳሩ ተበልቷል። በግቢው መሐል ዘረጋችው።

«ቁጭ በይ» አለችኝ። «ለወንድሜ ለቅሶ አልደረስሽም።»

ተቀመጥሁ። ስልኩን ከጋቢው ራስጌ አስቀምጣ እንደገና አስከፈተችኝ። ድምፁ ከአጥሩ ሲወጣ አንዲት አሮጊት «አልጋነሽ! ኧረ የአልጋነሽ ድምፅ ነው!» እያሉ መጡ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። ያን ጊዜ ከአጥር ወዲያ የቀሩ ሰዎች አሁን ገቡና ተቀመጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ለይመር ከስንት ዘመን በኋላ ለቅሶ ተቀመጠለት። ከቤቱ ውስጥ በሚስማር የተሰቀለ የወጣት ጃኬት ይታያል። አሮጊቷ ወደሱ እያዩ «ለልጅሽስ?» ቢሏት፣ «እሱን ገና አላወርደውም» አለች ተዋበች። «እናቴ ሆዴ ነግሮኛል አለች። የኔ ሆድ ገና አልነገረኝም።»

ሰው ሲበተን እግሯ ሥር ወደቅሁ። «አፉ በይኝ» አልኋት።

«ተነሽ» አለች። «ለኔ ያጠፋሽውን አፉ ብያለሁ። የእናቴን ግን እኔ አልልልሽም። የማልሽላት ለሷ ነው።»

ትክክል ናት። የሐቁ ባለቤት አፈር ውስጥ ነች። አዳራሽ ደጃፍ ቆማ «የልጄ ለቅሶ አልታየም?» ስትል የተሳቀባትን ማን አፉ ይልልኛል? ቴፕ ውድ ነበር ልበል? ልጅ ነበርሁ ልበል? ስንቱን የደመሰሰ ጣቢያ ነው ልበል? አልልም። የጣቢያውን ጣቢያው ይናዘዝ። ይህቺን የመረጥሁ እኔ ነኝ፣ መጠየቅ ስለማትችል።

አንተም አፉ እንድትለኝ አልለምንህም፤ ያንተ አይደለም። ይህን ሁሉ የነገርሁህ ስለ መሐላዬ ነው። ሰው ይየው ብላኝ ነበር፤ ሥዕሉን አጥፍቼዋለሁ፣ አታየውም። የአምባሰሏ የአልጋነሽ ልጅ ይመር ተለቅሶለታል። ቢያንስ ሰምተሃል።